መንጋጋ ጥርሴ ሊያጸድቀኝ ሲል

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ምላሳችሁን በጥርሶቻችሁ ላይ አንድ ዙር ካላዞራችሁ፣ ወይ ጥርስ የላችሁም ወይ ልብ የላችሁም። እኔ አስረስ፣ የደባርቅ ልብስ ሰፊ፣ በአንዲት መንጋጋ ጥርስ የተነሣ አፋፍ ላይ ቆሜ ሳለ፣ አገሬው «አስረስ ጸደቀ» እያለ ይደሰትልኝ ነበር። ማጋነን እንደምወድ የሚያውቀኝ ያውቃል። አንዲት ፍየል ሸጬ ከሆነ መንጋ ሸጥኩ ብዬ ነው የማወራው። በዚህኛው ወሬ ግን እውነቱ ራሱ ከእኔ በላይ አጋኖ ስለመጣ፣ የእኔ ድርሻ መቀነስ ብቻ ሆኗል። የቀነስኩትንም የማታምኑ ከአገጬ በታች ያለውን ጠባሳ መጥታችሁ እዩ፤ ለማየት አላስከፍልም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ያን ዓመት ጦርነቱ ጠንክሮ መኪናው ሁሉ ወደ ግንባር ይጓዝ ስለነበር፣ ከደባርቅ ጎንደር መድረስ ኢየሩሳሌም የመሳለም ያህል ሆኖ ነበር። ዐቢይ ጾም ገብቷል። እኔ ደግሞ ሥራ በዝቶልኛል፤ የወታደር ካፖርት እጠግናለሁ። የልብስ ሰፊ ሁለተኛ መቀስ ጥርሱ ነው። ክር የምበጥሰው በጥርሴ፣ ቁልፍ የምይዘው በጥርሴ፣ ሂሳብ ያልከፈለኝን ደንበኛ የማስፈራራው በጥርሴ። አንድ ቀን ወፍራሙን የካፖርት ክር በቀኝ መንጋጋዬ ስበጥስ፣ ከታችኛው ጥርስ ሥር አንድ ነገር ተነሥቶ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጥዝዝ አለ። «ያልፋል» አልኩ። እናንተም ብትሆኑ «ያልፋል» ነው የምትሉት። ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

አላለፈም። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ቅርንፉድ አስነከሰችኝ፤ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ አስገባችልኝ። ጎረቤት ደግሞ በአረቄ የተነከረ ጥጥ ፍቱን ነው አለ። ጾም ቢሆንም ለጥርስ እንጂ ለሆድ አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩና ጥጡን ደጋግሜ ነከርኩ። ጥርሴ ትንሽ ሲሻለው እኔ እሰክራለሁ፤ እኔ ስነቃ እሱም ይነቃል። እንዲህ እየተፈራረቅን ሰነበትንና አንድ ቀን ጠዋት ዐይኔን ስገልጥ ጉንጬ ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ ተቀምጧል።

ጥሩወርቅ አየችኝና ጆሮ ደግፍ ነው ብላ ፈረደች። የጆሮ ደግፍ መድኃኒት ደግሞ ሞቅ ያለ ቅቤ መቀባት ነው። በጾም ቅቤ እንዴት ይሆናል የሚል ክርክር ተነሣ፤ ከቆዳ በላይ ያለው አያስገድፍም ተባለ። ቅቤው እየቀለጠ ወደ ከንፈሬ በወረደ ቁጥር ጥሩወርቅ ጨርቅ ይዛ እንደ ኬላ ጠባቂ ከፊቴ ትቆማለች። አንዲት ጠብታ አላሳለፈችም። እብጠቱን ግን የሚጠብቀው አልነበረም፤ ወደ አገጬ ተሻገረ።

ዳባት አንድ ጉሮሮ አዋቂ ሽማግሌ አሉ ሲባል ሰማሁና በገበያ ቀን ወረድኩ። ሽማግሌው በጣታቸው አንገቴን ዳሰሱና እንጥልህ ወርዷል፣ መቆረጥ አለበት አሉኝ። ምላጩን ከመቀነታቸው አወጡ። አፍህን ክፈት ሲሉኝ ደግሞ የተከፈተው የመርፌ ቀዳዳ ያህል ነው። በማንኪያ እጀታ ሞከሩ፣ በእንጨት ሞከሩ፤ መንጋጋዬ እንደ መንግሥት ቢሮ ተቆልፏል። ሐኪሞች ኋላ እንደነገሩኝ፣ መግሉ የሚያላምጡትን ጡንቻዎች ሲነካቸው ይኮማተሩና አፍ አልከፈት ይላል። ሽማግሌው ላባቸውን ጠርገው፣ «ይኸ አፍ ሲከፈት ያን ጊዜ ና» ብለው አሰናበቱኝ። እንጥሌን ያተረፈልኝ ራሱ በሽታው ነው።

እዚያው ዳባት አንድ መርፌ ወጊ ቶንሲል ነው ብሎ ወጋኝ። ደግነቱ መርፌው አስታገሰኝ። ክፋቱም እሱው ነው፤ ሲያስታግሰኝ የዳንኩ መሰለኝ። ሁለት ቀን ያህል በደባርቅ ዋና መንገድ እየተንጎራደድኩ ሐኪሞችን ስሳደብ ዋልኩ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ዘመዶቹን ሁሉ አስከትሎ ተመለሰ።

ይኸኔ ነው ወደ ደባርቅ ክሊኒክ የሄድኩት። እዚያ ጥርስ መንቀል የሠለጠነ ፈንታሁን የሚባል የጤና ባለሙያ ነበረን፤ ጥሩ ሰው ነው፣ አብሮ አደጌም ነው። መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከጎኔ አንድ ገበሬ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጉንጬን ትኩር ብለው ካዩ በኋላ አይዞህ፣ ወንድሜንም እንዲሁ ነበር የጀመረው አሉኝ። በተቆለፈ አፌ እንደምንም ብዬ «ዳኑ?» አልኳቸው።

«አልዳነም» አሉ ሽማግሌው፤ «አጀማመሩን ነው ያልኩህ።»

ተራዬ ደርሶ ስገባ ዘበኛው ክፍሉ ዝግ እንደሆነ ነገረኝ። ፈንታሁን ለክትባት ሥራ ወደ መካነ ብርሃን ሲሄድ በቅሎዋ ጥላው ቀኝ እጁ ተሰብሯል። ጥርስ የሚነቅል የለም፣ ጎንደር ሂድ ተባልኩ። ዘበኛው አልዋሸም። ያልነገረኝ፣ ራሱም ያላወቀው አንድ ነገር ግን ነበር፤ ወደሱ እመጣለሁ።

ጎንደር ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ይለፉን የሚሰጠው ቀበሌ ነው። ቀበሌ ስሄድ ስብሰባ ላይ ደረስኩ። ግራ እጅ ተነሥቶ መፈክር ሲባል እኔም እጄን አነሣሁ፤ ድምፄ ግን አልወጣም። ሊቀ መንበሩ ከመድረክ ሆኖ አየኝ። ደባርቅ ውስጥ በስብሰባ መሀል የማይናገር አስረስ ታይቶ አይታወቅም፤ ሁልጊዜ ዝም በል የምባለው እኔ ነኝ። ስብሰባው ሲያልቅ ጠርቶ ለምን መፈክር እንደማላሰማ ጠየቀኝ። ጉንጬን ጠቆምኩት። ፊቱን ጎምዘዝ አድርጎ አየኝና ለይለፉ ከበዓል በኋላ ና ብሎ ቀጠረኝ። ወረቀቱን ያን ቀን ቢሰጠኝስ በምን እሄድ ነበር? መኪና እንደሁ የለም።

ሰሞነ ሕማማት ገባ። እዚህ ላይ በደንብ አዳምጡኝ፤ ሊገድለኝ የነበረው ጥርሱ ብቻ አይደለም።

በሕማማት ሳምንት ሰው አይሳሳምም፣ አይሳሳቅም፣ ይጾማል፣ ይሰግዳል። የበረታው ደግሞ አክፍሎት ይይዛል፤ ከስቅለት እስከ ትንሣኤ ውሃም ሳይቀምስ ይሰነብታል። እኔ በበኩሌ አክፍሎትን የማውቀው ሌላ ሰው ሲይዝ ነው። ያን ሳምንት ግን አስረስ ነጠላውን እስከ ዐይኑ ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እህል ሳይቀምስ፣ አንዲት ቀልድ ሳይተነፍስ ከቤተ ክርስቲያን ግንብ ሥር ተቀምጦ ታየ። የተከናነብኩት ብርዱ ጉንጬን ስለሚያንዘረዝረው ነው። አንገቴን የደፋሁት ቀና ስል ትንፋሽ ስለሚያጥረኝ ነው። ያልበላሁት መዋጥ ስላቃተኝ ነው። ቤተ ክርስቲያን የዋልኩት ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን ስለምፈራ ነው። አገሬው ግን አንድ ላይ ደምሮ ንስሓ አለው። ሴቶች ሲያልፉ እጅ ይነሡኛል። ያልተከፈለኝ ዕዳ ያለባቸው ሁለት ሰዎች መጥተው ይቅርታ ጠየቁኝ። የነፍስ አባቴ መምሬ ካሳሁን በሩቁ አይተውኝ ዐይናቸው እንባ ሞላ።

ለጥሩወርቅ ለማስረዳት ያላደረግሁት የለም። አፌን ጠቆምኩ፤ ከእህል መከልከሌን መናገሬ መሰላት። እጄን ወደ ላይ አነሣሁ፤ ጸሎት መሰላት። በመጨረሻ የልብስ መለኪያ ጠመኔዬን አነሣሁና በጥቁር ጨርቅ ላይ «ልሞት ነው» ብዬ ጻፍኩላት። መሠረተ ትምህርት ተምራለችና ፊደል ቆጥራ አነበበችው። ከዚያም ጨርቁን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ «ተመስገን፣ ሞቱን ማሰብ ጀመረ» ብላ አለቀሰች።

እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝን በምን ቃል ልንገራችሁ? ሰው እየሰመጠ እጁን ሲያወዛውዝ፣ ዳር የቆመው «ደኅና ዋል» ብሎ መልሶ ሲያወዛውዝለት ነው። ጥሩወርቅን አልወቅሳትም። ከዚያ በፊት ለቀልድ ስንት ጊዜ ሞቼባታለሁ።

ስቅለት ደረሰ። ቀኑን ሙሉ ሕዝቡ ሲሰግድ እኔ ግንቡን ተደግፌ ዋልኩ። ከምላሴ ሥር ያለው ነገር አብጦ ምላሴን ወደ ላይ ስለገፋው ምራቄን መዋጥ አልችልም፤ በነጠላዬ ጫፍ እጠርገዋለሁ። አየር የሚገባኝ እንደ ፉጨት እየቀጠነ ነው። ወደ ማምሻው ላይ ጥብጠባ ሆነ። ለማታውቁት፦ በስቅለት ስግደቱ ሲያበቃ ምእመኑ በነፍስ አባቱ ፊት ቀርቦ ኃጢአቱን ይናገራል፤ ካህኑም በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ አድርገው የሚሰግደውን ቁጥር ያዙታል። ጥሩወርቅ ደግፋ ወስዳ መምሬ ካሳሁን ፊት አቆመችኝ።

መምሬ በለሆሳስ፣ «ልጄ አስረስ፣ ያለብህን ተናገር» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ምን ላድርግ? እንባዬ ብቻ ወረደ። መምሬ ለጥሩወርቅ ኃጢአቱ ከንግግር በላይ ከብዶታል አሏት። ያዘዙኝን ስግደት ቁጥር አልነግራችሁም። ለጎልማሳ መነኩሴም ይበዛል፤ እኔ ብጀምረው እስከ ፍልሰታ አልጨርሰውም። እጄን መሬት አድርጌ የመጀመሪያውን ጎንበስ አልኩ። ምራቄ እንደ ክር ተንዠረገገ። ቀና ልል ስሞክር ትንፋሼ የለም።

ከጀርባዬ የሴት ድምፅ ሰማሁ። «መምሬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይኽ ሰው ምራቁን አይውጥም።»

«አክፍሎት ይዟል፣ ልጄ» አሉ መምሬ።

«አክፍሎት የያዘ ሰውም ምራቁን ይውጣል።»

ሴትዮዋን አላውቃትም። ሠላሳዎቹን የተሻገረች፣ ቀጠን ያለች፣ በነጠላዋ ላይ የጎንደር ሹራብ የደረበች። ከአጠገቧ ፈንታሁን ቆሟል፤ ቀኝ እጁ በጀሶ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጥሩወርቅ ቀደም ሲል ለፈንታሁን አስታማሚ ዘመድ ከጎንደር መጣችለት ብላ የነገረችኝ እሷን ነው። ዘመዱ አልነበረችም። ጎንደር ሆስፒታል ጥርስ ክፍል የምትሠራ ነርስ ነበረች፤ ሲስተር ማሪቱ ትባላለች። በሆሳዕና ዋዜማ በወታደር መኪና ላይ ተጭና መጥታ፣ ያን ሳምንት ሙሉ የፈንታሁንን ክፍል ከፍታ ተቀምጣ ነበር። በሕማማት ክሊኒክ የሚሄድ ስላልነበረ ማንም አላወቀም። ጥርስ የሚነቅል ሰው እቤቴ በር ላይ ተቀምጦ ሳለ እኔ ከግንብ ሥር ስጸድቅ ነው የከረምኩት።

ማሪቱ ነጠላዬን ገለጠችና ሁለት ጣቷን ከአገጬ በታች አስገባች። ፈንታሁንን ና ዳስሰው አለችው። በግራ እጁ ዳሰሰኝ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከመቼ ጀምሮ ነው አስሬ ብሎ ጠየቀኝና መልሴን ሳይጠብቅ ወደ መምሬ ዞረ።

«አገጩ ሥር እንጨት ሆኗል» አለ። «ከጥርሱ የተነሣ መግል ምላሱን ከሥር እየገፋ ጉሮሮውን እየዘጋው ነው። አሁን ካልተቀደደ ለነገ አይደርስም።»

ጥሩወርቅ ፈገግ አለች። በሕይወቴ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ያ ፈገግታ ነው። «ተይው እህቴ፣ እሱ እንዲህ ነው» አለች፤ «ባለፈው ክረምትም ሞቶ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ዐይኔን አየች። ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ነጠላዬን ይዛ ቁጭ አለች እንጂ አልጮኸችም።

ሰው ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ እንዴት ተደርጎ በዕለተ ስቅለት የሰው ደም ይፈስሳል አሉ፤ ሌላውም እስኪነጋ ይቆይ አለ። ፈንታሁን መንጋቱን አያየውም እያለ ይለማመጣል። ማሪቱ እጄን ይዛ የልብ ምቴን ትቆጥራለች። ሁሉም ወደ መምሬ ካሳሁን አየ። መምሬ የወይራውን ቅርንጫፍ እንደያዙ ደርቀው ቆመዋል፤ ያን ሁሉ ስግደት የጫኑብኝ ትዝ ብሏቸው ይሆናል።

«ዛሬ ደም የፈሰሰው ሰው እንዲድን ነው» አሉ። «ከቅጽሩ አውጡትና ውሰዱት።»

በቃሬዛ አንሥተው አሯሯጡኝ። ክሊኒኩ ውስጥ እኔን ያከሙኝ ሁለት ባለሙያዎች ናቸው፤ እጃቸው ግን ሦስት ነው። ፈንታሁን በግራ እጁ አገጬን ሽቅብ ይዞ የት ላይ፣ ምን ያህል እንደሚቀደድ ይመራታል፤ በየመሀሉ ደግሞ «አስሬ፣ በአፍንጫህ ሳበው፣ ቀስ ብለህ» ይለኛል። ማሪቱ ትቀድዳለች። ማደንዘዣ ተወግቻለሁ፤ መግል ባለበት ማደንዘዣ ብዙም አይዝም። ሕመሙን አላጋንነውም፤ የሚጋነንበት ቦታ አልተረፈም። ስለቱ ሲገባ በጆሮዬ የሰማሁት አዲስ ካኪ ጨርቅ ሲቀደድ የሚያሰማውን ድምፅ ነው፤ የሙያ ጆሮ አለኝና አልሳሳትም። ከዚያ የወጣውን በእናሜል ሳህን ተቀበሉት። ከሽታው የተነሣ ቃሬዛ ይዘው የመጡት ጎረምሶች ከበር ውጭ ሲያስመልሱ ሰማሁ። ማሪቱ ፊቷን እንኳ አላጨማደደችም።

ከዚያ አየር ገባ።

እስከዛሬ ድረስ ያ ትንፋሽ ትዝ ይለኛል። ማር አይደለም፣ ወይን አይደለም፤ የክሊኒክ አየር ነው፣ የአልኮልና የመግል ሽታ ያለው። ከሁሉ የጣፈጠኝ ግን እሱ ነው።

ትንሽ ቆይቶ መዋጥ መቻሌን ለማየት ማሪቱ ስኳር የተበጠበጠ ውሃ በማንኪያ አቀረበችልኝ። አሁን ደግሞ ጥሩወርቅ ተነሣች። ድንጋጤው ገና አልለቀቃትም፤ አክፍሎቱን አታስፈቱት፣ ይህን ያህል ደርሶ አይጣልበት ብላ እጇን ዘረጋች። ማሪቱ ውሃ ካላገኘ መድኃኒቱም አይሠራለትም ብትላት አልሰማ አለቻት። መምሬ በር ላይ ቆመው ነበር።

«እኔ የራሴን ይዣለሁ» አሉ። «የሱንም ደርቤ እይዝለታለሁ። አጠጡት።»

አንድ ሆድ ሁለት አክፍሎት እንዴት እንደሚይዝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ውሃው ግን ወረደልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ግዙፍ ሰው ከወታደር መኪና ላይ ዘሎ ወርዶ ክሊኒኩ ገባ። ደምሴ ይባላል፤ እሱም ጎንደር ጥርስ ክፍል የሚሠራ ነው። በክሊኒኩ የነበረው ፔንሲሊን እንደማይበቃኝ በማየት ማሪቱ በስቅለት ማታ በአንድ የጦር ሹፌር ቃል ልካ ነበር። ደምሴ ሌላ ፔንሲሊን፣ ግሉኮስና መርፌ ይዞ ደረሰ። ማሪቱ ጎንደር ሁለት ልጆች አሏት፤ ለፋሲካ እመለሳለሁ ብላ ነበር የመጣችው። አልተመለሰችም። በየሰዓቱ ሲወጉኝ ሁለቱ እየተፈራረቁ አልጋዬ ሥር ፈሰኩ። ፈንታሁን ቤቱ ካሠራው ዶሮ በሳህን አምጥቶላቸው፣ ማሪቱ ቆማ ስትጎርስ አየኋት፤ በአንድ እጇ እንጀራ፣ በሌላው የእኔን ክንድ።

ከትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴ መልስ መምሬ ካሳሁን መጡ። ጉንጫቸው ገብቷል። ድምፄ ትንሽ ተከፍቶልኝ ስለነበር መጀመሪያ የተናገርኩት እውነቱን ነው። «መምሬ፣ እኔ እኮ አክፍሎት አልያዝኩም ነበር። ጥርሴን አሞኝ ነው።»

መምሬ ማሪቱንም አዩ፣ ደምሴንም አዩ፣ እኔንም አዩ።

«ታዲያ የማንን ነው ደርቤ የያዝኩት?» አሉ።

መጀመሪያ ሳቁን ያፈነዳው ደምሴ ነው። እኔ ስስቅ ቁስሉ ሊቀደድ ሆነና ማሪቱ ሁላችንንም ተቆጣች።

ስለ እነዚህ ሰዎች የተረዳሁት ካገገምኩ በኋላ ነው፤ ፈንታሁን በደጃፌ ፀሐይ እየሞቅን ነገረኝ። ጎንደርና አካባቢው ጥርስ የሚያክሙ ሰዎች ያን ጊዜ በአንድ መሶብ ዙሪያ የሚቀመጡ ናቸው። የሚካኤል ማኅበር አላቸው፤ በየወሩ በተራ ጽዋ ያነሣሉ። ሃይማኖት ያለበት ስብሰባ በክፉ ዐይን በሚታይበት ዘመን፣ በመሥሪያ ቤት ሲጠየቁ የባልደረቦች መረዳጃ ነው ይላሉ። ውሸትም አልነበረም። ከመካከላቸው አንዱ ሲታመም ድግሱ ይቀራል። ባለ ተራው ጠላ መጥመቁን ትቶ የዓመት ፈቃዱን ይወስድና ሄዶ በታመመው ወንበር ይቀመጣል። ባዶ ወንበር ከታየ ዕቃው ወደ ሌላ አውራጃ ይወሰዳል፣ ሰውየው ወደ ግንባር ይዛወራል፣ ደባርቅም ጥርስ ነቃይ አይኖራትም። ለድግሱ የታሰበው እህልና ሥራ ደግሞ ባለ ተራው በደረሰበት ደብር ላሉ ነዳያን ይውላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ ባለው መጠለያ የድሆችን ጥርስ በነፃ ያክማሉ።

እኔ በስንት ማኅበር በላሁ፤ ጽዋ ሲባል የማውቀው ማን ጥሩ ጠላ ጠመቀ፣ ማን ዳቦው ጠቆረበት ብሎ ማማት ነው። እነዚህ ሰዎች የአንድ ባልደረባቸው እጅ ተሰበረ ብለው ድግሳቸውን ትተው ባይመጡ፣ እኔ በዚያ ስቅለት በመምሬ ካሳሁን እግር ሥር እስትንፋሴ ትወጣ ነበር። እንዴት ያለ ጥሩ አሟሟት ተብሎም ይወራልኝ ነበር። ሌሊት ሌሊት ያንን ሳስብ አሁንም ላብ ያጠምቀኛል።

እብጠቱ ጎድሎ አፌ ሲከፈት የነገሩ ሁሉ ምክንያት የሆነችውን ጥርስ ደምሴ ነቀላት። ጥሩወርቅ ልትጥላት ስትል አላስጣልኳትም፤ ቤቴን ልታፈርስ የነበረች ነገር ጠላቴ ናት ብዬ በመርፌ ቆርቆሮ ውስጥ አስሬያታለሁ።

ድግስ ልደግስላቸው ብዬ ብለምን ማሪቱ እንቢ አለች። ከፈለግህ ቅዳሜ ወደ መጠለያው ና አለችኝ፤ ሰዉ ጉጠቱን ሲያይ ይሸሻል፣ ራሱን የሚይዝና የሚያወራው ሰው ያስፈልገናል። ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የስፌት መኪናዬን አልነካም። መበለቷም፣ ቀዬው በጦርነት የተፈታበት ገበሬም፣ እግሩ ግንባር ላይ የቀረ ወታደርም በዚያ ወንበር ሲቀመጥ፣ ራሱን በሁለት መዳፌ መሀል ይዤ ውሸት እነግረዋለሁ። ሲስቅ አፉ ይከፈታል፤ የቀረው የባለ ጉጠቶቹ ሥራ ነው። የፈንታሁን እጅ ከጀሶው ቢወጣም ጣቶቹ እንደ ድሮው አልጨብጥ ስላሉት፣ ባልደረቦቹ በየተራቸው መምጣታቸውን አላቆሙም።

ችግሩ፣ ከዚያ በኋላ ዝም ያለ ሰው ማየት አልችልም። ቤተ ክርስቲያንም ይሁን ገበያ፣ ተከናንቦ አንገቱን የደፋ ካለ ሄጄ ነጠላውን ገልጬ አገጩን እዳስሳለሁ። ጥሩወርቅ አንድ ቀን ትደበደባለህ ትለኛለች። አልተሳሳተችም። በቀደም ለታ ከስሜን ቆላ የመጡ አንድ ባሕታዊ ከቅጽሩ በር ላይ ቆመው አየሁ። ቢጫ ካባ፣ ወፍራም መቋሚያ፤ ሰዎቹ አባ ቃል ከአፋቸው ከወጣ ዓመታት ሆነ፣ እህልም የሚቀምሱት ለስሙ ነው እያሉ አፈር ይስማሉ። እኔ ደነገጥኩ። እህል አይቀምስም፣ አይናገርም ሲባል እግሬ በራሱ ጊዜ ነው የሚሄደው። ሕዝቡን ጥሼ ደረስኩና አገጫቸውን ያዝኩ።

መቋሚያው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ከስንት ዓመት ዝምታ በኋላ ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያ ቃል ደግሞ በእኔ ላይ የወረደ እርግማን ነው። እስከ ሰባት ትውልድ ረገሙኝ። ሲረግሙ ግን አፋቸው በደንብ ተከፍቷል። በደንብ አየሁ።

«እርግማኑን ተቀብያለሁ አባታችን» አልኳቸው። «ከታች በግራ በኩል ያለችው ግን ጠቁራ ተቦርቡራለች። ቅዳሜ ሐኪሞቹ እዚህ ናቸው።»

አፋቸውን ገጠሙ። ሕዝቡ እየተንጫጫ ገፍቶ አወጣኝ። ብዙ ሳልርቅ መቋሚያው ከኋላዬ ኳ፣ ኳ ሲል ሰማሁና ሁለተኛው ምት ነው ብዬ ትከሻዬን አጠፍኩ። ባሕታዊው ብቻቸውን ናቸው። ግራና ቀኝ አዩ፤ ሰሚ አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ሲነቅሏት ያማል?»

ሳላጋንን የመለስኩት ያን ጊዜ ነው። «ያማል አባቴ» አልኳቸው። «እኔ እዚያው ነኝ፤ ራስዎን እይዝልዎታለሁ።»